በራስፕቤሪ ፓይ ላይ የጊታር ኤፌክት፦ የሐዋሳ አንድ የመዝሙር ቡድን ጉዳይ

መነሻ

ጉዳዩ የተከሰተው ሐዋሳ ውስጥ ባለ አንድ መካከለኛ ቤተ ክርስቲያን የመዝሙር ቡድን ውስጥ ነው። ቡድኑ ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ሊድ ጊታር፣ ድራምና ጥቂት ዘማሪዎች አሉት። ሳውንዱን የሚመራው ወጣት በሥራ ቀን ሞባይል ይጠግናል፣ ጊታሪስቱ ደግሞ መምህር ነው። እኔ የገባሁት በኮምፒውተሩ በኩል ነው። ስም አልጠቅስም፤ ለጉዳዩም አያስፈልግም።

ጊታሪስቱ ለዓመታት የተጠቀመበት መልቲ ኤፌክት ፔዳል (የጊታሩን ድምፅ የሚለዋውጥ፣ በእግር የሚታዘዝ ሳጥን) መብራት ሄዶ ሲመለስ አልበራም አለ። ጠጋኙ ከፍቶ አይቶ ዋናው ቺፕ እንደተቃጠለና መለዋወጫ እንደማይገኝለት ነገረው። አዲስ ለመግዛት ሲጠይቅ የሰማው ዋጋ የሚቀመስ አልነበረም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ የሙዚቃ ዕቃ ሁሉ ተወዷል፤ ለመምህር ደመወዝ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ቀሪው መንገድ የታወቀው ነው፦ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ፈልጎ አደራ ማለት። ዘመድ ግን በፈለጉት ቀን አይመጣም፤ ሲመጣም ሻንጣው በሌላ ሰው አደራ ሞልቶ ነው።

የቡድኑ ኪቦርድ ተጫዋች ዩኒቨርሲቲ ሲጨርስ ከመመረቂያ ፕሮጀክቱ የተረፈው ራስፕቤሪ ፓይ 4 የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ነበረው። በላዩ ላይ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) የጊታር ሶፍትዌር ጭነን ፔዳሉን መተካት እንችል ይሆን የሚለው ጥያቄ የመጣው ከእሱ ነው። መልሱ «ይቻላል» ሆኖ ተገኘ። ጉዳዩን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን መቻሉ አይደለም፤ ያስቸገሩን ዋና ዋና ነገሮች አንዳቸውም ከሶፍትዌሩ የመጡ አለመሆናቸው ነው።

በእጅ የነበረው ዕቃ

ራስፕቤሪ ፓይ 4 እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ መዳፍ የሚያህል ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር ነው። ፕሮሰሰሩ ባለ አራት ኮር ሲሆን ፍጥነቱ 1.5 ጊጋኸርዝ ነው። የእኛው 4 ጊጋባይት ራም ነበረው። ለዚህ ሥራ ራሙ ከበቂ በላይ ነው፤ የጊታር ኤፌክት የሚበላው ፕሮሰሰርን እንጂ ራምን አይደለም።

ሰሌዳው የድምፅ መግቢያ የለውም። 3.5 ሚሊሜትሯ ቀዳዳ መውጫ ብቻ ናት፣ ጥራቷም ለመድረክ አይሆንም። ስለዚህ በዩኤስቢ የሚሰካ ሳውንድ ካርድ ግድ ነው። ከሞባይል መለዋወጫ ሱቅ አንዲት ርካሽ ካርድ ተገዛች፦ አንድ የማይክ መግቢያ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ መውጫ። ኃይል የሚሰጠው የስልክ ቻርጀር ነበር፣ ገመዱም ቤት ውስጥ የተገኘ ረጅም ገመድ። ይህ ቻርጀርና ይህ ገመድ ኋላ ላይ ብዙ ያነጋግሩናል።

ሶፍትዌሩ

የመረጥነው ጊታሪክስን ነው። ጊታሪክስ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሲስተም ላይ የሚሠራ ነፃ የጊታር አምፕ ነው። የጊታሩን ድምፅ በሞኖ ይቀበላል፣ በፕሪአምፕ፣ በዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር)፣ በዋህ (ዋ-ዋ የሚያሰኝ)፣ በትሬሞሎ (የሚያርገበግብ)፣ በዲሌይ (ጥቂት ቆይቶ የሚደግም) እና በሪቨርብ (የአዳራሽ ማስተጋባት የሚጨምር) አሳልፎ በስቴሪዮ ያወጣል። የስፒከር ካቢኔትን ድምፅ የሚመስል ክፍልም ስላለው አምፕ ሳያስፈልግ በቀጥታ ወደ ሚክሰር መግባት ይቻላል። ሌሎች አማራጮችም አሉ፤ ለምሳሌ ሞዴፕ እና ፓይፔዳል በስልክ ብራውዘር የሚታዘዙ ናቸው። ጊታሪክስን ያስመረጠን በዴቢያን (አንድ የሊኑክስ ዓይነት) የፕሮግራም ማከማቻ ውስጥ መገኘቱ ነው፤ በአንድ ትእዛዝ ይወርዳል፣ ኢንተርኔት ሲቆራረጥም ካቆመበት ይቀጥላል።

ጊታሪክስ ብቻውን አይሠራም፤ ጃክ የሚባል የድምፅ ሰርቨር ይፈልጋል። ጃክ ሲጫን «የሪልታይም ቅድሚያ ይሰጥ?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ሳያነብ ያልፈዋል፤ መልሱ «አዎ» መሆን አለበት፣ ተጠቃሚውም ኦዲዮ በሚባለው ግሩፕ ውስጥ መግባት አለበት። ከዚያ በኋላ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ሥራ ሲበዛ ብቻ ከሚጨምረው አሠራር አውጥተን ሁልጊዜ ሙሉ እንዲሆን አደረግን። ዴስክቶፕ የሌለውን ቀላል የራስፕቤሪ ፓይ ሲስተም ጫንን፤ ጊታሪክስም ያለ መስኮት፣ ሰሌዳው ሲበራ በራሱ እንዲነሣ ተደረገ። ይህ ሁሉ ከአንድ ቅዳሜ ከሰዓት አላለፈም።

የመጀመሪያው ልምምድ

ቤት ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ሲሞከር ሁሉም ደስ ብሎት ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከቡድኑ ጋር ሲሞከር ግን አራት ቅሬታ ባንድ ላይ መጣ። ድምፁ መሐል መሐል ላይ ጠቅ ጠቅ ይላል። ጊታሩ፣ ሳውንድ ማኑ እንዳለው፣ በጋቢ ተሸፍኖ የሚጫወት ይመስላል። ከሥር እምምም የሚል የማያቋርጥ ጉርምርምታ አለ። ጊታሪስቱ ደግሞ «ይዘገያል፤ ስመታውና ስሰማው አንድ አይደለም» አለ።

የሁሉም የመጀመሪያ ግምት አንድ ነበር፦ ኮምፒውተሩ ትንሽ ነው፣ አቅም የለውም። ኪቦርዲስቱ እንኳ አዲሱን ፓይ 5 ካላገኘን አይሆንም ማለት ጀምሮ ነበር። ምንም ከመግዛታችን በፊት እያንዳንዱን ቅሬታ ለየብቻ እንይ ብለን ተስማማን። ከዚህ በታች የምጽፈው ያን ነው።

ጠቅ ጠቅ የሚለው

ጃክ ድምፁን በትንንሽ ቁራሽ ይሠራል። አንዱ ቁራሽ በጊዜው ካልደረሰ ኤክስረን የሚባል መዝገብ ይጽፋል፤ ጆሮ ላይ ጠቅ የሚለው እሱ ነው። መዝገቡን ስናየው ኤክስረኖቹ በርካታ ነበሩ። የፕሮሰሰሩ ጫና ግን ከግማሽ በታች ነበር። ጫና ሳይኖር ጊዜ የሚያልፈው ለምንድን ነው?

ራስፕቤሪ ፓይ የኃይል ጉድለት ደርሶበት እንደሆነ የሚናገር የራሱ ትእዛዝ አለው። ቮልቴጁ ከ4.63 በታች ሲወርድ ሰሌዳው ማስጠንቀቂያ ይመዘግባል፣ ራሱን ለማዳንም የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይቀንሳል። ትእዛዙን ስንሰጠው ጉድለቱ ቀድሞ መድረሱን ብቻ ሳይሆን በዚያችው ደቂቃ እየደረሰ መሆኑን አሳየን። ፓይ 4 የሚፈልገው 5 ቮልት 3 አምፒር ነው፤ ቻርጀሩ 2 አምፒር ነበር። ከቻርጀሩ ይልቅ ያባሰው ግን ገመዱ ነው። ረጅምና ቀጭን ገመድ በመንገዱ ቮልቴጅ ይበላል፤ ለስልክ ችግር የለውም፣ ስልክ ቀስ ብሎ ይሞላል። ኮምፒውተር ግን ቀስ ብሎ መሥራት አይችልም፤ ጊታር እየተመታ ነው።

አጭርና ወፍራም ገመድ፣ 3 አምፒር የሚሰጥ ቻርጀር ሲተካ ኤክስረኑ በአብዛኛው ጠፋ። የቀሩት ጥቂቶቹ ዋይፋይ ሲዘጋ ጠፉ። አገልግሎት ላይ ዋይፋይ ስለማያስፈልግ በቋሚነት አጠፋነው።

የተሸፈነው ድምፅ

ይህኛው የቅንብር ችግር መስሎ ብዙ አድክሞናል። ኢኳላይዘሩን ወደ ላይ ስንገፋ ጩኸቱ ይጨምራል እንጂ ጥራቱ አይመጣም። ምክንያቱም ቀጭኑ ድምፅ ኮምፒውተሩ ጋ ሳይደርስ ጠፍቷል፤ የሌለ ነገር ከፍ አይደረግም።

የጊታር ፒካፕ ብዙ ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው፤ የሚሰጠው ሲግናል በቀላሉ የሚደክም ነው። የሚገባበት መግቢያ ወደ 1 ሜጋኦም የሚጠጋ ከፍተኛ ኢምፔዳንስ (ለሲግናሉ የሚያሳየው መቋቋም) ሊኖረው ይገባል። የርካሿ ካርድ የማይክ መግቢያ ግን ጥቂት ሺህ ኦም ብቻ ነው። ሲገናኙ መግቢያው ፒካፑን ይጫነዋል፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው።

መፍትሔው ከጊታሪስቱ ቦርሳ ወጣ። አሮጌ የቦስ ቲዩነር ፔዳል ነበረው። እነዚህ ፔዳሎች ኃይል እስካላቸው ድረስ በእግር ተረግጠው ቢጠፉም ድምፁ በውስጣቸው ባለ ሰርኪዩት ያልፋል፤ መግቢያቸው 1 ሜጋኦም ነው፣ መውጫቸው ደግሞ ማንኛውንም መግቢያ መንዳት ይችላል። የፔዳል አዋቂዎች ሲወቅሱት የሚሰማው ይህ ባሕርይ ለእኛ ትክክለኛው መድኃኒት ሆነ። ጊታሩ በቲዩነሩ በኩል ሲገባ ድምፁ ወዲያው ተከፈተ። ቲዩነር የሌለው ሰው በአንዲት ቲኤል 072 አይሲ (የማጉያ ቺፕ)፣ በጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር፣ በ9 ቮልት ባትሪ ተመሳሳዩን ማሠራት ይችላል፤ ሳውንድ ማናችን ለሁለተኛ ጊታር በኋላ ሠርቶታል።

በዚሁ ካርድ ላይ አንድ ሌላ ወጥመድ ነበር። ረጅም ኖታ ሲያዝ ድምፁ ከመድከም ይልቅ ቀስ እያለ ያብጣል። ካርዷ በራሷ የማይኩን መጠን የምታስተካክልበት ቅንብር አላት፤ ለንግግር የታሰበ ነው። በአልሳሚክሰር (የሊኑክስ የድምፅ መቆጣጠሪያ) ውስጥ ገብተን አጠፋነው፣ የመግቢያውንም መጠን አወረድነው። የጊታር መግቢያ ያለው ደኅና ኢንተርፌስ (የተሻለ ሳውንድ ካርድ) ከአንድ ስቱዲዮ ተውሰን ስናወዳድር ልዩነቱ ጆሮ ማዳመጫ ላይ ይሰማል። ቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ላይ ያገለገለ ኢንተርፌስ ገዝቷል። ቡድኑ ከድራምና ከኪቦርድ ጋር ሲጫወት ግን ልዩነቱን ለይቶ የተናገረ ሰው አልነበረም።

«ይዘገያል»

ከሁሉ ረጅሙ ክርክር ይህ ነበር፤ ጊታሪስቱ እውነቱን ነበር፣ ምክንያቱ ግን ማናችንም ያላሰብነው ነው።

ጃክ ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ፦ በአንድ ጊዜ የሚሠራው የፍሬም (የድምፅ ናሙና) ብዛት፣ የፔሬድ (የቁራሽ) ቁጥር እና የሳምፕል መጠን (በሰከንድ የሚወሰደው ናሙና ብዛት)። እኛ 128 ፍሬም፣ 3 ፔሬድ፣ 48 ኪሎኸርዝ አድርገን ነበር። 128 በ3 ተባዝቶ ለ48,000 ሲካፈል 8 ሚሊሰከንድ ይሆናል። በዚህ ላይ መግቢያው፣ ዩኤስቢውና የካርዱ ቀያሪዎች የራሳቸውን ይጨምራሉ። የካርዱን መውጫ ከመግቢያው ጋር በገመድ አገናኝተን በጃክ የመለኪያ መሣሪያ ስንለካው ጠቅላላው ወደ 13 ሚሊሰከንድ መጣ።

የመጀመሪያው እርምጃ ግልጽ መሰለ፦ ፍሬሙን ወደ 64 ማውረድ። ስሌቱ ከ8 ወደ 4 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። አወረድነው፤ ጠቅ ጠቅታው ተመለሰ፣ ጊታሪስቱም «አሁንም ይዘገያል» አለ። የተለወጠ ነገር የለም ማለቱ ነው። ሁላችንንም ያነቃን ይህ መልስ ነው። መዘግየቱ ከሶፍትዌሩ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ልዩነቱን ይሰማው ነበር።

ስለዚህ ወደ 128 መለስነውና በጆሮ ማዳመጫ እዚያው መድረክ ላይ እንዲጫወት አደረግን። «አሁን ልክ ነው» አለ። ማዳመጫውን አውልቆ በአዳራሹ ስፒከር ሲሰማ እንደገና ዘገየ።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲሜትር ነው። በቀድሞው ጊዜ ፔዳሉ የሚሰካው ከጊታሪስቱ ጀርባ አንድ ሜትር ላይ በቆመ የጊታር አምፕ ላይ ነበር። አዲሱ ሳጥን ካቢኔቱን በሶፍትዌር ስለሚሠራ አምፑ ተነሥቶ ጊታሩ በቀጥታ ሚክሰር ገባ። የእሱ ሞኒተር (መድረክ ላይ ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) ከተበላሸ ከራርሟል፤ አምፑ ስለነበረው አላስቸገረውም ነበር። አሁን ግን ራሱን የሚሰማው አምስት ሜትር ያህል ርቆ ከቆመው ዋናው ስፒከር ነው። ያ ብቻውን ወደ 15 ሚሊሰከንድ ነው፤ ከኮምፒውተሩ ጠቅላላ መዘግየት ይበልጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 28 ገደማ ይደርሳል።

ጊታሪስቱ መዘግየቱን ለስለስ ባሉ መዝሙሮች ላይ አላነሣም። የሚያማርረው ችክችካ ላይ ነው። ይህም ልክ ነው፤ በችክችካ ጊታሩ ከድራሙ ጋር አጭር አጭር እየቆረጠ ስለሚሄድ ትንሽ መንሸራተት ወዲያው ይታወቃል።

ሳውንድ ማኑ ከሚክሰሩ የኦክስ መውጫ (ከተጨማሪው መውጫ) ወደ አሮጌው አምፕ መስመር ስቦ አምፑን እንደ ሞኒተር ቦታው መለሰው። መዘግየቱ ለጊታሪስቱ ጆሮ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ቀረ፤ ቅሬታውም በዚያው አበቃ። ኮምፒውተሩ ላይ የተነካ ነገር የለም።

ጉርምርምታው እና የመብራቱ ነገር

ጉርምርምታው የ50 ኸርዝ ነው፤ የመብራቱ ድምፅ ማለት ነው። ሰሌዳው ከአንድ ሶኬት፣ ሚክሰሩ ከአዳራሹ ማዶ ከሌላ ሶኬት ይበላሉ፤ የድምፅ ገመዱ ደግሞ ያገናኛቸዋል። በዚህ ዙር ውስጥ የሚሄደው ትንሽ ከረንት ድምፅ ይሆናል። አንድ የቡድኑ አባል መፍትሔ ብሎ ያቀረበው የሚክሰሩን የመሬት ሽቦ መንቀል ነበር። ይህ በብዙ አዳራሽ የሚደረግ ነው፤ ጉርምርምታውንም በእርግጥ ያጠፋል። የጊታር ክር ግን በገመዱ በኩል ከመሬት ሽቦው ጋር የተያያዘ ብረት ነው፤ ማይኩም ብረት ነው። ያ ሽቦ ተነቅሎ አንድ ዕቃ ውስጥ ችግር ቢፈጠር ከረንቱ የሚያልፈው በጊታሪስቱ እጅና ከንፈር ነው። አይሆንም አልን።

በዚያው ሰሞን ሌላ ጉዳይ መጣ። እሑድ መሐል መብራት ሄደ፣ ጀነሬተሩ እስኪነሣ ሰሌዳው ጠፋ፣ ሲመለስ ደግሞ ሜሞሪ ካርዱ ተበላሽቶ አልነሣም። ሊኑክስ እየጻፈ ሳለ ኃይል ሲቋረጥበት ይህ ሊደርስ ይችላል። መዝሙሩ ያለ ጊታር አለቀ።

ሁለቱንም በአንድ ዕቃ ፈታናቸው፦ ፓወር ባንክ። ባትሪ ከግድግዳው ጋር ስለማይገናኝ ዙሩ ይቆረጣል፤ ጉርምርምታው የጠፋው የሰካነው ዕለት ነው። መብራት ሲሄድም ሰሌዳው አያውቅም። 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ ፓይ 4 ከነሳውንድ ካርዱ 6 ዋት ቢበላ፣ የሚባክነው ተቀንሶለት እንኳ የእሑዱን ፕሮግራም ደጋግሞ ይችላል።

ፓወር ባንክ ሲመረጥ ግን ሦስት ነገር ልብ ይሏል። ሽፋኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ለስልክ ፈጣን ቻርጅ፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ነው፤ መታየት ያለበት በትንሹ የተጻፈው «5 ቮልት 3 አምፒር» የሚለው መስመር ነው። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ ከግድግዳ እየተሞሉ ሳለ መብራት ሲሄድ ለቅጽበት ያቋርጣሉ። ሰሌዳው በዚያች ቅጽበት ይጠፋል። ስለዚህ የሚሞላው ቅዳሜ ማታ ነው፣ እሑድ ከግድግዳ አይሰካም። ሦስተኛ፣ ሌላ ዕቃ ሲሰካባቸው ሁሉንም መውጫ አጥፍተው የሚያበሩ አሉ። ይህን ያወቅነው አንድ ዘማሪ በአምልኮ መሐል ስልኩን ሰክቶበት ነው። አሁን ሁለተኛው ቀዳዳ በፕላስተር ተለጥፏል።

ለሜሞሪ ካርዱ ደግሞ በሲስተሙ ቅንብር ውስጥ ያለውን ኦቨርሌይ አብርተን ካርዱ እንዳይጻፍበት አደረግን። ይህም የራሱን ጣጣ አመጣ። ጊታሪስቱ ቅዳሜ ልምምድ ላይ ያዘጋጀው አዲስ ድምፅ እሑድ ጠዋት የለም፤ ሰሌዳው ሲጠፋ ያልተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። የጊታሪክስን የቅንብር ማህደር ወደ ትንሽ ዩኤስቢ ፍላሽ ካዛወርን በኋላ ሲስተሙ ተቆልፎ፣ ፕሪሴቶቹ (ተዘጋጅተው የተቀመጡት የድምፅ ቅንብሮች) ግን የሚቀመጡ ሆኑ። ፍላሹ ሊበላሽ ይችላል፤ ቢበላሽ ግን ሰሌዳው ይነሣል፣ ጊታሩም ይሰማል።

በእግር ማዘዝ

ጊታሪስት ሁለት እጁ ሥራ ላይ ነው። ሌላ ሰው ስክሪን እየነካ ድምፅ ይቀይርለት የሚለው ሐሳብ በመጀመሪያው መዝሙር ነው የወደቀው። ስለዚህ አርዱይኖ ሊዮናርዶ በሚባል ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ አራት ቁልፍ አሠርተን እንደ ሚዲ (የሙዚቃ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ) መሣሪያ በዩኤስቢ ተሰካ። ይህ ዓይነቱ አርዱይኖ ለኮምፒውተሩ በቀጥታ ሚዲ ሆኖ መታየት ይችላል። ጊታሪክስ ላይ ደግሞ የሚፈለገው ቁልፍ በማውሱ መሐለኛ ጠቅታ ሲነካ የሚዲውን ትእዛዝ ይማራል። ለሙከራ የተጠቀምነው ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የተገዙ የበር ደወል ቁልፎችን ነው። ለጣት የተሠሩ ስለሆኑ ጫማ አልቻሉም፤ የብረቶቹ ከአዲስ አበባ መጡ። ሁሉም በያጅ በሠራው የብረት ሳጥን ውስጥ ገባ፤ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ሳጥኑ የሚያሳልፍ ፓድ ተለጥፎለታል። ሰሌዳው 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራልና ይህ መታለፍ የለበትም።

መጀመሪያ አራቱን ቁልፎች ለአራት ፕሪሴት መደብናቸው። ፕሪሴት ሲቀየር ግን ድምፁ ለቅጽበት ይቋረጣል፤ ቅብብሉ ላይ ይሰማል። ስለዚህ አንድ ፕሪሴት ብቻ ተውን፤ ቁልፎቹ በውስጡ ያሉትን ዲሌይ፣ ትሬሞሎ፣ ዲስቶርሽንና ሪቨርብ ለየብቻ የሚያበሩና የሚያጠፉ ሆኑ። መቋረጡ ቀረ። ጊታሪስቱም ይህኑ መረጠ፤ የቀድሞ ተናጠል ፔዳሎችን ስለሚመስል አዲስ ነገር መማር አላስፈለገውም።

እዚህ ላይ ስለ ዲሌይ አንድ ነገር ልጨምር። ለምዕራባውያን ምት የተዘጋጀ የዲሌይ ቅንብር አንዱን ምት ለሁለት ወይም ለአራት ይከፍላል። የችክችካ ምት ለሦስት ነው የሚከፈለው። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ መዝሙር አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው፤ ዲሌዩ 250 ላይ ሲሆን ከድራሙ ጋር ይጣላል። ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 333 አካባቢ፣ ሲደረግ ግን በምቱ መሐል ይገጥማል። ይህን ያገኘው ድራመሩ ነው፤ እኛ ገና ቁጥር ስንቆጥር እሱ በእጁ እየመታ ነገረን።

ያልሠሩ ወይም ያልጠቀሙ ነገሮች

ሪልታይም የሚባለውን ልዩ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) አዘጋጅተን ጭነን ነበር። በ128 ፍሬም ላይ ልዩነቱ አልታወቀንም፤ መደበኛው ከርነል ይበቃል። በዝቅተኛ ፍሬም ለሚሠራ ሰው ግን ሊጠቅመው ይችላል።

በኒውራል ኔትወርክ እውነተኛ አምፕን የሚቀዱ ሞዴሎችንም ሞከርን። ድምፃቸው ግሩም ነው። ሙሉው መጠን ያለው ሞዴል ከካቢኔቱና ከሪቨርቡ ጋር ሲደረብ ግን ኤክስረኑ ተመለሰ። ቀለል ያለው ሞዴል ሠርቷል፤ ነገር ግን በአዳራሹ ስፒከር ጊታሪክስ ራሱ ካለው አምፕ ብልጫው አልታየንም። ተውነው።

የዋህ ፔዳል አሁንም አልተሳካም። ከተጣለ የኪቦርድ ፔዳል የወሰድነው ፖቴንሺዮሜትር አርዱይኖው ላይ ሲሰካ ቁጥሩ ሳይነካ ይዘልላል፤ በሶፍትዌር ብናለሰልሰውም እግር ሲፈጥን ይጎተታል። ጊታሪስቱ ዋህ የሚያስፈልገው መዝሙር ሲመጣ በትሬሞሎ ያልፈዋል።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ተመሳሳይ ነገር ለሚሞክር ሰው ቅደም ተከተሉን እንዲህ እመክራለሁ። መጀመሪያ ኃይሉን ያረጋግጥ፤ ቮልቴጅ ሲጎድል ሌላው ችግር ሁሉ የፕሮሰሰር ችግር መስሎ ይታያል፣ ሰውን ወደ አላስፈላጊ ግዢ ይመራል። ቀጥሎ መግቢያውን። ጊታሩ በትክክለኛ ኢምፔዳንስ ካልገባ ኢኳላይዘር ላይ የሚጠፋ ጊዜ ከንቱ ነው። ፍሬምና ፔሬድ ላይ የሚነካው ከእነዚህ በኋላ ነው፤ ያም ቢሆን በጆሮ ማዳመጫ ተሞክሮ ችግሩ ከሶፍትዌሩ መሆኑ ሲታወቅ ብቻ።

ቅሬታ ሲመጣ የተጫዋቹን ስሜት ማመን፣ የተጫዋቹን ምክንያት ግን መፈተሽ ያስፈልጋል። «ይዘገያል» ያለው ሰው ትክክል ነበር፤ «ኮምፒውተሩ ነው» ያለው ሁላችንም ነን። አንድ ዕቃ ሲቀየር አብረው የተቀየሩትን ነገሮች መዘርዘርም ይጠቅማል። እኛ ፔዳል የቀየርን መስሎን ነበር፤ አምፕም፣ ሞኒተርም፣ የኃይል መስመርም ቀይረናል።

ሁሉንም የሚያውቅ ሰው በሌለበት እሑድ ሳጥኑ መነሣት አለበት። ስለዚህ ሁለተኛ ሜሞሪ ካርድ ተገልብጦ በሳጥኑ ውስጥ ተለጥፏል፣ ክዳኑ ላይም በአማርኛ አጭር መመሪያ አለ፦ ቲዩነሩን አብራ፣ ፓወር ባንኩን ሰካ፣ መብራቷ እስክትረጋ ሚክሰሩ ላይ ዝጋ፣ ካልተነሣ ካርዱን ቀይር። ሳውንድ ማኑ ሊኑክስ አያውቅም፣ ካርዱን ግን ሁለት ጊዜ ቀይሮ አስነሥቷል።

በቅርቡ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል በየማታው የሚጫወት ጊታሪስት ሰምቶ መጣና «ለኔም ሥሩልኝ» አለን። አንሠራም አልነው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሳጥኑ ቢጠፋ ኪቦርዱ ይሸፍናል፣ ማንም ደመወዙን አያጣም፤ የሚጠግነውም ሰው እዚያው ተቀምጧል። እሱ ግን ብቻውን ነው፣ የሚከፈለው በማታ ነው፣ ዕቃውን በባጃጅ ይዞ ይዞራል። ያገለገለም ቢሆን መደበኛ ፔዳል ገዝቶ፣ ይህን በትርፍ ጊዜው ቤቱ ቢሞክር እንደሚሻለው ነገርነው። ለመሞከሪያ የሚሆነውን የሜሞሪ ካርዱን ቅጂ ሰጥተነው ሄደ።